«ዲሲ» የተባለው ለማን ነበር

የተናጋሪው ሙሉ ስም፦ ጀይሉ አደም
ዕድሜ፦ 36 ዓመት
ሥራ፦ በእህል መጋዘን የትንሽ ሎደር ነጂ
አድራሻ፦ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ቃሉ አውራጃ፣ ከሚሴ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ግንቦት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ይመር አሊ
ጉዳዩ፦ በአብዶ ሙሐመድዘይን ላይ በቀረበው የአሻጥር ክስ ምስክሩ ቀደም ሲል የሰጠውን ቃል ስለማረም

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ጀይሉ አደም ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ ነው። የመጣሁት ተከሳሹን አብዶ ሙሐመድዘይንን ለመጥቀም አለመሆኑ አስቀድሞ ይጻፍልኝ። አብዶ የመጋዘናችን መካኒክ ነው። እሱና እኔ ዓይንና ናጫ መሆናችንን ከሚሴ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ግንቦት 14 ቀን በዚሁ ጣቢያ በሰጠሁት ቃል ምክንያት ታስሯል፣ መዝገቡም በዚህ ሳምንት ደሴ ወደሚገኘው ልዩ ፍርድ ቤት እንደሚላክ ሰምቻለሁ። በአሻጥር ተከሶ ደሴ የሄደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ እኔ አላየሁም። መዝገቡ ከመውጣቱ በፊት ልድረስ ብዬ መጥቻለሁ።

የምነዳት ሎደር ግልገል እያልን የምንጠራት፣ ባለችበት የምትሽከረከር፣ ነጂው አካፋዋን ተረማምዶ ከፊት ለፊት የሚገባባት አሮጌ መኪና ናት። ከእርዳታው እህል ጋር የመጣችው አርጅታ ነው። ዘንድሮ በበልጉ ዝናብ ጊዜ ክንዶቿ ጭነት መሸከም አቃታቸው። ኩንታል አንስቼ መኪናው ዘንድ ሳልደርስ አካፋው ቀስ እያለ መሬት ይነካ ነበር። አብዶ የሃይድሮሊክ ማጠራቀሚያውን ከፍቶ ጣቱን ሲነክር ዘይቱ ውሃ ገብቶበት አሬራ መስሏል። ወዲያው ለመጋዘኑ ኃላፊ ለጓድ ሙህዲን «ነጂው ክዳኑን ሳይገጥም ዝናብ አስገብቷል» ብሎ በጽሑፍ አመለከተ። የተጻፈብኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በመጋዘኑ በር ላይ ተለጥፎ ሦስት ሳምንት ከረመ። ክዳኑን አለመግጠሜ እውነት ነው። ቢሆንም አንድ ጋራዥ ውስጥ ስንውል ለእኔ ለብቻዬ ሊነግረኝ ይችል ነበር፣ አንጀቴን ያሳረረኝም ይኸው ነው።

ሰኞ ግንቦት 11 ቀን ሎደሯ ሙሉ በሙሉ እንድትታጠብና እንድትታደስ ታዘዘ። እኔም እንዳግዘው ተመደብኩ። ወሩ ረመዳን ስለሆነ ዘይቱን በጎማ ቱቦ ስቦ የሚያወርድ አፍ አልነበረንም፤ የኋላ ጎማዎቿን ድንጋይ ላይ አውጥተን የታችኛውን ብሎን ፈትተን አንጠፈጠፍነው። አብዶ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ የእያንዳንዱን አፍ ራሱ በጠረበው የእንጨት ውታፍ ደፈነ። ማጠራቀሚያውን በናፍጣ አጠበው። መጀመሪያ ጥቁር ወጣ፣ ቀጥሎ ቡናማ ወጣ፣ እኔ በቃ ስለው «ለሰላት የምንታጠበው ውዱእ እንኳ ሦስት ነው» ብሎ ሦስተኛ አጠበው። በጨርቅ መወልወል ከለከለ። የጨርቅ ብናኝ ገብቶ የዘይቱን መተላለፊያ ይዘጋል አለና ውስጡን በመዳፉ ጠረገው። የፓምፑንና የክንዶቹን የጎማ ቀለበቶች በሙሉ ቀየረ። ሰውየውን ባልወደውም እጁ የታመነ ነው፣ ይህን መካድ አልችልም።

የማልችለው አንደበቱን ነበር። በእነዚያ ቀናት እጄን ወደ አንድ ነገር በዘረጋሁ ቁጥር ቀና ሳይል «ዲሲ» ይለኝ ነበር። ቃሉ ኦሮምኛ ነው፣ ተው አትንካ ማለት ነው። ቱቦ ባነሳ ዲሲ፣ ፊልትሮውን ብነካ ዲሲ፣ ቁልፍ ላቀብለው ብል ዲሲ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቆጥሬ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ተውኩት። ጫኝና አውራጆቹ ይህን ሰምተው ስሜን ጀይሉ ዲሲ አሉት፣ እስከ ዛሬም አልተዉኝም። ከዚያ በኋላ ቃሉን ስሰማ ሳላስብ እጄን እሰበስብ ጀመር።

ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ አዲሱ ዘይት ተሞልቶ የቀረው አየሩን ማስወጣት ብቻ ነበር። አብዶ ክንዶቹን ሽቅብ አስነስቶኝ ከሥራቸው የድጋፍ ብረት አቆመ። ሞተሩን ሳላጠፋ የክንዱን ማንሻ እጀታ ወደ ላይ ይዤ እንድቆይ አዘዘኝና፣ እሱ በግራ በኩል የዘይቱን መግቢያ ብሎን አላልቶ አየሩን እያስወጣ ነበር። አረፋው እየቀነሰ ዘይቱ ጠርቶ መውጣት ጀምሮ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ጓድ ሙህዲን ሲጋራ እያጨሰ መጣ። አለመጾሙ የራሱ ጉዳይ ነው፣ ናፍጣ የፈሰሰበት ቦታ ሲጋራ ማብራቱ ግን የሁላችንም ጉዳይ ነበር። ለባቲ እህል የሚጭኑ አምስት መኪኖች ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈው እንደነበር እውነት ነው። አብዶን ገና ነው ወይ አለው። አብዶ የአንድ ሰዓት ሥራ ይቀረኛል ሲለው ጓድ ሙህዲን «አብዮቱ አንተን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም» አለና ጎንበስ ብሎ ገብቶ የድጋፍ ብረቱን በገዛ እጁ መንቀል ጀመረ።

አብዶ በዚያ ሰዓት «ዲሲ፣ ዲሲ» ብሎ ጮኸ። እኔ ቃሉን ሰማሁ፣ እጄም ከእጀታው ላይ ተነሳ። ብረቱ ወጥቷል፣ ብሎኑ ላልቷል፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ የያዘው የኔ እጅ ብቻ ነበር። ዘይቱ አብዶ ፊት ላይ ተረጨ፣ አካፋውም ወርዶ የጓድ ሙህዲንን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ሰበረው። አካፋውን ቀና አድርጎ ጓድ ሙህዲንን ያወጣው አብዶ ነው። እኔ መቀመጫዬ ላይ ደርቄ ቀርቼ ነበር።

በዚያው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እዚህ ጣቢያ ቀረብኩ። ጓድ ሙህዲን ከወረኢሉ የመጣ ስለሆነ ኦሮምኛ አይሰማም። ሆኖም ከሐኪም ቤት ሆኖ አብዶ በኦሮምኛ ልቀቅበት ብሎ አዘዘ የሚል ቃል አስቀድሞ ልኮ ነበር። ሃምሳ አለቃው «ዲሲ» ማለት ልቀቅ ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አዎ አልኩ። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝና መልሴን የጻፈው አሁንም ይህን ቃል የሚጽፈው ሃምሳ አለቃ መሆኑ ይመዝገብልኝ። ወረቀቱ አልተነበበልኝም። በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምሬያለሁ፣ ላንብበው ማለት እችል ነበር፣ ነገር ግን ለማንበብ አልፈለግሁም። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜ ወጣሁ።

አዎ ያልኩት ለምንድን ነው ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ደስ ስላለኝ ነው። ደብዳቤዬን በር ላይ ያስለጠፈው ሰው ተራው ደረሰ ብዬ ነው። በተጨማሪም እጄን ያነሳሁት እኔ ስለነበርኩ ፈርቼ ነው። «ገዲ ዲሲ» ሲባል ልቀቅ ይሆናል፣ ስለዚህ ብዙም አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን እየደለልኩ ሰነበትኩ። አብዶ «ገዲ» አላለም።

ዓርብ ግንቦት 22 ቀን በመጋዘኑ ግቢ የሠራተኞች ስብሰባ ተጠርቶ ክሱ ተነበበ። አብዶንም ሁለት ፖሊሶች አምጥተውት ነበር። አንባቢው ተከሳሹ በኦሮምኛ «ልቀቅ» ብሎ አዝዟል የሚለው ላይ ሲደርስ ኦሮምኛ የምንሰማው ሁሉ፣ ከግማሽ በላይ እንሆናለን፣ መሬት መሬት አየን። የምትለው አለህ ወይ ተብሎ አብዶ ተጠየቀ። ይለምነኛል፣ ወይም ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ «ያልኩትን ጀይሉ ያውቀዋል፣ የናቱ ቋንቋ ነው። ወላሂ ከዚህ ሌላ አልናገርም» አለና ተቀመጠ።

እናቴን ባያነሳ ይሻል ነበር። እናቴ ኡምኩልሱም ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጅ ሆኜ እሳት ስነካ፣ እህቴን ስመታ፣ የሰው አጥር ስነቀንቅ ዲሲ የምትለኝ እሷ ናት፣ ልቀቅ ማለቷ አልነበረም። ከስብሰባው ወጥቼ ሁለት ቀን ሰላቴን በቅጡ መስገድ አልቻልኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ እኔን አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ እንደሚከተለው ይታረምልኝ። «ዲሲ» ማለት ተው ማለት ነው። አብዶ ይህን ሲል ወደ እኔ አልነበረም የሚያየው፣ ዓይኑ የጓድ ሙህዲን እጅና ብረቱ ላይ ነበር። ብረቱን ተው ማለቱ ነበር። ሰው ሲደነግጥ ምላሱ ወደ ናቱ ቋንቋ ይሮጣልና አማርኛው አልመጣለትም። የተነገረው ሰው ቋንቋውን አያውቅም፣ ቋንቋውን የማውቀው እኔ ደግሞ ለኔ የተባለ መስሎኝ እጀታውን ተውኩት። ሃምሳ አለቃው ይህን ካስጻፍኩ ነገሩ ወደ እኔና ወደ ጓድ ሙህዲን እንደሚዞር ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል። አውቄ ነው ብያለሁ።

ከአብዶ ጋር አልታረቅሁም። ቢፈታም ሰላምታ የምሰጠው አይመስለኝም። ነገር ግን ዘይቱ ጠርቶ ነበር። ብረቱን የነቀለው ጓድ ሙህዲን ነው። እጁን ያነሳው እኔ ነኝ። አብዶ ያደረገው ተው ማለት ብቻ ነው።

ይህ ቃል ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ የያዘ ነው። ሰው እንዲያነብልኝ አልፈለግሁም፤ ከፊደል እስከ ፊደል ራሴ አንብቤ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ወስዶብኝ፣ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ በአውራ ጣት ሳይሆን በስሜ ፈርሜያለሁ።

የተናጋሪው ፊርማ፦ ጀይሉ አደም

ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ይመር አሊ

ማስታወሻ፦ «አብዶ ያደረገው» በሚለው መጨረሻ መስመር ላይ በእኔ እጅ «ልቀቅ» ተብሎ ተጽፎ የነበረው፣ ተናጋሪው ሲያነብ አይቶት አልፈርምም በማለቱ፣ ተሰርዞ «ተው» ተብሏል። ስርዙ የእኔ ነው። ሃ/አ ይመር