ገበቴዋ ላይ ያለው ጭረት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ የእንጨት ገበቴ ታቅፋለች፤ አጠገቧ ያሉት እናት ዓይናቸውን ከገበቴዋ አልነቀሉም።

«ከየት አመጣሻት ልጄ?»

«ገጠር አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት አለ ሲሉኝ ለማየት ሄጄ ነው።»

«እስቲ ገልብጫት።»

«ሥሯ ላይ ጭረት አላት፤ ሻጩ ጌጥ ነው አለኝ።»

«ጌጥ አይደለም። ለድግስ በውሰት ስትወጣ ከሰው ዕቃ እንዳትቀላቀል ነው። ይቺን የጫረቻት እናቴ ናት።»

«የእርስዎ ናት እማማ?»

«ለጎረቤት ሰርግ እንደወጣች ቀረች።»

«እንግዲያ ይውሰዷታ።»

«ወላሂ አልወስድም። ወደሻት ነው የገዛሻት። ብቻ ጎረቤት ሲጠይቅሽ አትከልክይ።»

ገና የሐረጎን ዳገት ወጥተን ሳንጨርስ ቤቴ ያለውን ትልቅ ትሪ ገልብጬ ማየት አማረኝ።