ዋና ሳልችል የገባሁበት ባሕር

ልጄ ኦስቲያ ባሕር ዳር የሚሰምጥ ሰው ማውጣት ትሠለጥናለች፤ ባኚና የሚሏት የባሕር ነፍስ አዳኝ ልትሆን ነው። «እማዬ አትምጪ፣ ትጨነቂያለሽ» ብትለኝም እምቢ ብዬ ከሰፈራችን ከቶር ፒኛታራ ተከትያት ሄድኩ። ጠዋት ጸጥ ያለው ባሕር ነፋሱ ሲነሳ ተናወጠ፤ መዋኘት የሚከለክለው ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ። አሁንስ ሠልጣኞቹ ይበተናሉ ስል አሠልጣኙ «የሚለመደው እንዲህ ባለ ቀን ነው» ብሎ ጭራሽ ልጄን ውኃ ውስጥ ላካት! ጥቂት ቆይታ እጇን እያወራጨች «አዩቶ! አዩቶ!» እያለች ለእርዳታ ጮኸች። እኔ ምን ላውቅ? «ማርያም ድረሺልኝ!» ብዬ ከነቀሚሴ ገባሁ። አንዱ ማዕበል ገለበጠኝና ጨው ጠጣሁ። በብብቴ ይዛ ጎትታ ያወጣችኝ ማን ብትሉ፣ ያቺው ልጄ። ለካ የሚሰምጥ ሰው መስላ ጓደኞቿን እያለማመደቻቸው ነበር!

አሸዋው ላይ ተዘርሬ ሳስል አሠልጣኙ ተማሪዎቹን ሰበሰበና «አሎራ፣ እንግዲህ ላድን ብሎ የገባው ሁለተኛው ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው» አላቸው። ልጄ ፊቷ አመድ መስሏል። «እማዬ፣ የእውነት ስሰምጥ ብታዪኝ እንኳ ሰው ጥሪ እንጂ እንዳትገቢ። ቃል ግቢልኝ» አለችኝ።

በማርያም ስም ማልኩላት። እመብርሃን ይቅር ትበለኝ፣ ውሸቴን ነው።