ሂኔክ የቆጠራቸው ፊደሎች

አዲስ ነገርን ሁሉ ካላመለክን የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፣ አሮጌውን በናፍቆት ብቻ የሚጠብቁም አሉ። አቶ ዳሊቦር ከሁለተኞቹ ወገን መሆናቸውን ያወቁት በቼክ አገር፣ በብርኖ ከተማ ባቡር ጣቢያ፣ የፕራግ ባቡር በበረዶ በዘገየበት ከሰዓት በኋላ ነው።

ሰውየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በከርነል ሥራ ነው፤ ኮምፒውተር ሲነሣ ቀድሞ በሚነቃውና ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ በሚያስተዳድረው ማለት ነው። በውስጡ የአየር ጠባይ መለኪያዎችን የሚያናግረውን ክፍል ከወዳጃቸው ከሂኔክ ጋር ጻፉት። ሂኔክ ከሞተ ወዲህ ያለ እሳቸው ፈቃድ አንዲት መስመር አትለወጥም።

የጣቢያው ምግብ ቤት ሞልቶ ነበርና አንዲት ወጣት የነጭ ሽንኩርት ሾርባዋን ይዛ፣ እሳቸውም ሾርባ ወደሚጠጡበት ጠረጴዛ መጣች። "ይቅርታ፣ እዚህ ሰው አለ?"

"የለም፣ ተቀመጪ።"

ልትቀመጥ ስትል ኮምፒውተራቸው ላይ የተጻፈውን ስም አየች። "አቶ ዳሊቦር? እኔ ራድካ ነኝ፤ ለኮዱ የላክሁትን ማሻሻያ ደጋግመው የመለሱብኝ።"

"አሃ! የሂኔክን ኮድ ልትላጪ የተነሣሽው አንቺ ነሽ?"

"ኧረ መላጨት አይደለም፣ ጠጉሩን ላስተካክል ብዬ ነው።"

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። "እስቲ ንገሪኝ፣ ምኑ አስቀየመሽ? ሂኔክ የመሣሪያውን ስም ለመጻፍ ፊደሎቹን ይቆጥራል፤ በልካቸው የማስቀመጫ ቦታ፣ ሜሞሪ፣ ይጠይቃል፤ ይጽፋል፤ ሲጨርስ የወሰደውን ይመልሳል። ከዚህ የበለጠ ምን ጨዋነት አለ?"

"መቁጠሩንም፣ መጠየቁንም፣ መጻፉንም ባንድ ጊዜ የሚሠራ ትእዛዝ እኮ ከርነሉ ውስጥ አለ። ሜሞሪውን ከመሣሪያው ጋር ካሰርነው ደግሞ፣ መሣሪያው ሲነቀል ወይም ምዝገባው ሳይሳካ ሲቀር ራሱ ይለቀቃል።"

"ራሱ! እናንተ ልጆች ሁሉ ነገር ራሱ እንዲሆንላችሁ ነው። መሣሪያው ተነቅሎ ሌላ ፕሮግራም ስሙን ገና እያነበበ ቢሆንስ? የሌለ ነገር ሊያነብ?"

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ ራድካም አላቃለለችውም። "ልክ ነዎት። እንደዚያ ያለ አንድ ስም አለ፤ እሱን እንደነበረ ትቼዋለሁ። የነካሁት ከመሣሪያው ዕድሜ የማያልፉትን ነው።"

አቶ ዳሊቦር ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ማሻሻያውን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም ነበር። "ቢሆንም ሂኔክ አይሳሳትም" አሉ።

"አልተሳሳተም። ግን ተራራው ላይ ያለው መለኪያ ለምን እየፈዘዘ እንደሚቆም ያውቃሉ? ነፋስ ገመዱን ያላላዋል። ኮዱ መሣሪያውን ልመዝግብ ይላል፣ አይሳካለትም፣ እንደገና ይሞክራል። በሞከረ ቁጥር ስሙ የያዘው ሜሞሪ ሳይመለስ ይቀራል። ሜሞሪው ሲያልቅ የአየር ጠባይ ጣቢያዋ ጠባቂ በበረዶ ወጥታ ታስነሣዋለች።" ሾርባዋን በማንኪያ አማሰለች። "እናቴ ናት። ጉልበቷን ያማታል።"

"ታዲያ ሂኔክ መመለሻውን ረስቷል እያልሽኝ ነዋ!"

"እሱማ ኮዱ ሥራውን አቋርጦ በሚወጣበት፣ ራሱ በጻፈው መውጫ ሁሉ መልሷል። እሱ ከጻፈ በኋላ፣ ገና በሕይወት ሳለ፣ ሌላ ሰው አዲስ መውጫ ጨመረና ረሳ። አቶ ዳሊቦር፣ ይህ አጻጻፍ እያንዳንዳችን ሂኔክን እንድንሆን ይጠይቃል። እኛ ደግሞ አይደለንም።"

ይህን ሲሰሙ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሂኔክ ፊደል ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሲያናግሩት እጁን ያነሣል፣ "ቆይ፣ ታሳስተኛለህ!" ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ይሥቃሉ። ለካ ያን ኮድ ሳይነካ ማቆየታቸው፣ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚመለስ ሰው ወንበሩን እንዳይነጠቅ እንደመጠበቅ ነበር።

"አምጪው፣ አብረን እናንብበው" አሉ በመጨረሻ።

የሚሰረዙትን መስመሮች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው አነበቡ። ራድካ አላቻኮለቻቸውም። ሲጨርሱ ስማቸውን ከስሟ በታች አስፍረው ተቀበሉት።

ጥቅሙም ብዙ ሳይቆይ ታየ። ኮዱ አጥሮ ለማንበብ ቀለለ፤ አዲስ መጪ ሰው ሌላው የደበቀውን ጥንቃቄ መገመት ቀረለት፤ የተራራው መለኪያም ገመዱ ቢላላ እንኳ ሜሞሪው ሳያልቅ ከረመ። ጥንቃቄን በአንድ ሰው ጭንቅላት ከማኖር ሥርዓቱ ውስጥ መትከል ይሻላል፤ ሰው ያልፋልና።

የዚያን ዕለት ግን ማሻሻያው እንደገባ፣ አቶ ዳሊቦር ደስታቸውን ሊነግሩ ስልካቸውን አወጡ። የሂኔክን ስም ፈልገው አገኙት፤ ጣታቸው እላዩ ላይ ቆመ።

"ማን ጋ ሊደውሉ ነው?" አለች ራድካ።

ስልኩን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት። "ይህን ቢሰማ ደስ የሚለው ሰው ጋ" አሏት።