ጋሽ ሜትር እና ያቋረጡት መድኃኒት

ኀዘናችንን ለመካፈል የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶቻችን፣ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈልልን። ዛሬ የምንሸኛቸው ልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድሜ ናቸው። አዝዬ ያሳደግኋቸው በመሆናቸው በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አንቱ ብያቸው አላውቅም፤ ዛሬ ግን በወጉ አንቱ እላቸዋለሁ። በመካከል ከተቆጣሁም የታላቅነቴ ነውና ታገሡኝ።

ሟች ከመጋዘን ጠባቂው አባታችንና ከልብስ አጣቢዋ እናታችን ተወለዱ። ወንድሜ ገና ፊደል ሳይለዩ አባታችን በሥራ ላይ እንዳሉ ደረታቸውን ይዘው ወድቀው በዚያው ቀሩ። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ድንገተኛ ነው ብሎ አለፈው እንጂ፣ የልብ ሕመም በዘር ሊወርድ እንደሚችልና ልጆቹም ከወዲሁ ሊጠነቀቁ እንደሚገባ የነገረን ሰው አልነበረም።

ከቀለም ትምህርት ይልቅ ጨርቅ የወደዱት ወንድሜ፣ ሰባተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ልብስ ሰፊ ከነበሩት አጎታችን ዘንድ ገብተው፣ ግራኝ በመሆናቸው መቀሱ አልታዘዝ እያላቸው፣ አጎታችንም በየቀኑ እየተቆጧቸው ሙያውን ጠንቅቀው ተማሩ። ከዚያም በፀጉር አስተካካዩና በጫማ ሰፊው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍል የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ ቀሚሷን ለማሳጠር የመጣች አንዲት መምህርት፣ አንዴ ረዘመ አንዴ አጠረ እያለች ስትመላለስ ነገሩ የቀሚስ አለመሆኑ ገባቸውና አገቧት። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ወንዱም እስከ መጨረሻው ቀናቸው አብሯቸው ይሰፋ ነበር።

ከጠዋት እስከ ማታ በስፌት መኪና ላይ ተጎንብሰው፣ ሲጋራ በሲጋራ ላይ እያቀጣጠሉ፣ ምሳቸውን እንኳ ከወንበር ሳይነሡ እየበሉ ከኖሩ በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ይይዛቸው ጀመር። ጎትቼ የወሰድኳቸው ክሊኒክ አንዲት ሐኪም ከሥነ ምግብ ባለሙያና ከአካል እንቅስቃሴ አሠልጣኝ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትሠራበት ነው። ሐኪሟም ደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን አይታ ክኒን አዘዘችላቸው፤ መድኃኒቱ፣ ምግቡ፣ የእግር እርምጃው፣ እንቅልፉ፣ ቁጣን የሚያበርደው የአተነፋፈስ ልምምድ ሁሉ በአንድነት እንደሚሠሩና አንዱ የሌላውን ቦታ እንደማይተካ በትዕግሥት አስረዳቻቸው።

እውነቱን ለመናገር እንደ እሳቸው ምክር የሰማ በሽተኛ አልነበረም። ሲጋራውን ጣሉ፣ ጨው ቀነሱ፣ በየማለዳው ሰፈሩን ይዞሩ ጀመር፤ የገዛ ሱሪያቸውንም ደጋግመው አጠበቡ። ይባስ ብለው ደንበኛ ሲለኩ የወገቡን ቁጥር ጮክ ብለው እየተናገሩ ስለ ጮማና ስለ መቀመጥ ይገሥጹ ስለነበር፣ አንዳንዱ ተለክቶ ሳያሰፋ ውልቅ ይል ነበር። ጋሽ ሜትር የሚለው ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው።

ነገር የተበላሸው ደም ግፊታቸው ሲስተካከል ነው። አንድ ቀን ሱቃቸው ብገባ ክኒኑን መዋጥ መተዋቸውን እንደ ጥሩ ወሬ አበሠሩኝ። "ልብሱ ልክ ከሆነ ወዲያ ስፒሉ ይነቀላል እንጂ፣ ደንበኛ ከነስፒሉ ወደ ቤቱ አይሄድም" አሉኝ። የተናደድኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። እንደገና ሐኪሟ ዘንድ ብወስዳቸው፣ ልኩ የመጣው ከነክኒኑ ስለሆነ ክኒኑ ስፒል ሳይሆን ስፌቱ ራሱ መሆኑን በገዛ ሙያቸው ቋንቋ ነገረቻቸው። እሺ ብለው ተመለሱ፤ እሺ ማለት ግን ለእሳቸው ከጭቅጭቅ መገላገያ ነበር፤ ክኒኑን ዳግመኛ አልነኩትም።

በዚህ ሳምንት ግራ ክንዳቸውን ሲያማቸው የመቀስ ድካም ነው ብለው ቅባት ተቀቡበት። ባለቤታቸው ሐኪም ቤት እንሂድ ብትል፣ ልጃቸው ቢለምን፣ የያዝኩትን ኮት ልጨርስ እያሉ አላገጡ፤ በማግሥቱም በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እንደተደፉ ዐረፉ።

እንግዲህ ከትናንት ጀምሮ ከየወንበሩ የምሰማው ወሬ አንጀቴን አሳርሮታል። ሲራመዱና ጨው ሲቀንሱ የኖሩት ምን ተጠቀሙ፣ ቀን ከደረሰ ማን ያድናል ትላላችሁ። እርምጃውማ ጠቅሟቸዋል፤ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው የነበሩት ሰውዬ የልጃቸውን ሠርግ ጨፍረው ያዩት በእሱ ነው። ቀን የሚቆርጥ ፈጣሪ መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ክኒኑን ያቋረጡት ግን እሳቸው ናቸው። ይህን ወሬ የሰማው ወንድ ልጃቸው፣ አምና ደም ግፊት ተገኝቶበት መድኃኒት የጀመረው ልጅ፣ አባቴን ላላዳነ ነገር ዳግመኛ ክሊኒክ አልረግጥም ብሎ ትናንት ማታ ክኒኑን ሳይውጥ አድሯል። እናንተ ለማጽናናት ብላችሁ የተናገራችሁት ነገር የደረሰው እዚህ ድረስ ነው።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና እኔን ትተው በስልሳ አንድ ዓመታቸው ተለይተውናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ግትርነታቸውንም ይቅር ይበላቸው። አንተ ልጅ፣ አባቴን ቀበርኩ፣ አባትህንም ይኸው ዛሬ እቀብራለሁ፤ ሦስተኛ የምቀብርበት አቅም የለኝም። ከዚህ ስንመለስ ክኒንህን በፊቴ ትውጣለህ።