ልብስ ሰፊው ፕሮጀክተር ሲመርጡ

ለቤቴ የኤሌክትሪክ ገመድ ልገዛ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ ብዬ አንድ የቆዩ ወዳጄን አገኘሁ። እኚህ ሰው ልብስ ስፌት ማስተማር ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሳቸው ያሠለጠኑት ሰው ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። አብራቸው የነበረችው የእህታቸው ልጅ የፊዚክስ መምህርት ናት። ሁለቱ ፕሮጀክተር የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ቆመው ይከራከራሉ።

«ይኸው ዳኛ መጣልን» አሉ ወዳጄ እጄን ጨብጠው። «እስቲ ፍረድ፤ የኔ ክፍል ሲኒማ ቤት ነው እንዴ?»

«ሲኒማ ማን አለ ጋሼ?» አለች ልጅቱ። «ተማሪዎችዎ ሠላሳ ሁለት ናቸው። ኮሌታ ሲገለብጡ ጣትዎን የሚያዩት ከፊት ያሉት ስድስቱ ብቻ ናቸው።»

«ያልታየው ተነስቶ ይጠጋል። እኔስ እንደዚያ አይደል የተማርኩት?»

«እርስዎ ሲማሩ ስንት ነበራችሁ?»

«አራት» አሉና ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው መለሱ።

ይህን ጠባያቸውን ወደድኩት። ሲረታ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ብዙ ነው፤ እሳቸው ግን ያስባሉ።

«ባለፈው ወር አምስት ሴቶች አቋረጡ» ስትል ቀጠለች። «አምስቱም ከኋላ የሚቀመጡ ነበሩ። እርስዎ ግን ሰነፎች ናቸው አሉኝ።»

«እሺ፣ ይገዛ ካላችሁ ይኼ ትንሹ ይበቃል። ካርቶኑ ላይም ትልቅ ቁጥር አለው።»

«የካርቶኑን ቁጥር ይተዉትና ብርሃኑን ይዩ። ይኼ መጋረጃ ዘግቶ ቤት ውስጥ ፊልም ለማየት ጥሩ ነው። የእርስዎ ክፍል ግን በሁለት በኩል መስኮት አለው፤ በጨለማ ደግሞ መርፌ ላይ ክር አይገባም። ብርሃኑ ጠንካራ መሆን አለበት። ከግድግዳው ቅርብ ሆኖ ሰፊ ምስል የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ በፊቱ ሲያልፉ ጥላዎ ሥራውን አይጋርደውም።»

ባለሱቁን በትሕትና ለምና ትንሹንና ሌሎች ሁለት ፕሮጀክተሮች ፀሐይ በሚገባበት በር አጠገብ አስበራቻቸው። የትንሹ ምስል ደብዝዞ ጠፋ። ሁለተኛው ደህና ነበር፤ የውስጡ ማራገቢያ ጩኸት ግን ሰው አያነጋግርም። ሦስተኛው ቁልጭ አድርጎ አሳየ።

«እኔ ጨርቅ እንኳ ደጅ አውጥቼ ሳላየው አልገዛም» አሉ ወዳጄ ጢማቸውን እየዳሰሱ። «ይኼን ግን በካርቶኑ ልገዛው ነበር።»

የጥገና ዋስትናውን አስጽፈው ሦስተኛውን ገዙ።

በሳምንቱ ጋብዘውኝ ክፍላቸው ሄድኩ። ልጅቱ ስልኳን ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው በላይ አስራ ከፕሮጀክተሩ ጋር በገመድ አገናኝታዋለች። እነዚያ የተካኑ ጣቶች ግድግዳውን ሞልተው ሲሠሩ ሳይ እኔም ራሴ መስፋት አማረኝ። ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ሴት እጇን አወጣች፤ በሦስት ወር ውስጥ አንድም ጥያቄ ጠይቃ እንደማታውቅ ኋላ ነገሩኝ።

«መምህር፣ ኮሌታውን ከመገልበጥዎ በፊት ጫፉን በመቀስ ቀነሱት። የኔ ኮሌታ ጫፉ የሚድቦለቦለው ይኼን ሳላደርግ ቀርቼ ነው?»

ወዳጄ መቀሱን አስቀመጡ።

«አዎ፣ ለዚህ ነው። እጄ ስለለመደው ሁልጊዜ እቆርጠዋለሁ፤ በአፌ ግን ተናግሬው አላውቅም።»

አንባቢ ሆይ፣ መሣሪያው የሰውየውን ሙያ አልተካም፤ ሩቅ ለተቀመጠው አደረሰው እንጂ። መግዛት ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ ክፍሉን ይለካ፣ በቀን ብርሃን ይሞክር፣ ጥገናውን ይጠይቅ።

ወዳጄ በዚያው ቀን ትምህርት እንዳበቃ ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ያቋረጡትን ሴቶች ቤት እያንኳኩ ለእያንዳንዳቸው እንዲህ አሉ፤ «ሰነፍ ናት ብዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ያላሳየሁሽ እኔ ነኝ።»

አራቱ ተመለሱ። አምስተኛዋ ሥራ ይዛ ስለነበር ታናሽ እህቷን ላከች።