«አለቀ?» ላሉን ሰው፣ መልሱ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቼ፣ የእድራችን ዳኞች፣ ከይጁቤም ከደብረ ኤልያስም ይህን ጭቃ ረግጣችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እትዬ ማርያማዊት፣ የጋሽ ገዳሙ ባለቤት፣ እርስዎንም ያጽናዎት። ሂዊ እህቴ፣ አንቺንም ያጽናሽ።

እኔ እንዳላማው ነኝ። ሥራዬ የማቀዝቀዣ ጥገና ነው። የሥጋ ቤታችሁ፣ የሆቴላችሁ ማቀዝቀዣ አልበርድ ሲል የምትጠሩኝ ሰው ነኝ። ጋሽ ገዳሙ ለሥራ ወደዚህ በመጡ ቁጥር ከሱቅ ሱቅ ይዣቸው የምዞረውም እኔ ነበርኩ። ለዚህ ነው ዛሬ ተናገር የተባልኩት።

አሁን ልነሳ ስል አንድ አባት እጄን ያዝ አድርገው «ደህና ደህናውን ተናገር፤ ቤተሰቡ እንዳያዝን» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት መቼም እናውቅበታለን። ነገር ግን ትናንት ድንኳኑ ውስጥ ሂዊ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። ቀስ ብላ፣ ማንም ሳይሰማ፣ «እንዳላማው፣ አባቴ ዋሽቷል ወይ?» አለችኝ። ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ተነሳሁ።

አፈር ሳይመለስባቸው መልሷን እሰጣታለሁ። እናንተም ስሙ። እናንተም አላችሁበትና።

የጋሽ ገዳሙ አካለ ወልድ ሥራ ምን ነበር? አማካሪ ነበሩ። ኦዞን የሚባለው፣ ከላያችን ሆኖ የፀሐይን ክፉ ጨረር የሚያስቀርልን ሽፋን አለ። እኛ የጥገና ሰዎች «ሃያ ሁለት» የምንለው አሮጌው የማቀዝቀዣ ጋዝ ያን ሽፋን ይበላዋል። አገራችን እንዲህ ያሉትን ኬሚካሎች ቀስ በቀስ እንድትተው ሲደከም፣ ጋሽ ገዳሙ በየከተማው ይዞራሉ። ጋዙ የት አለ? ማን ይጠቀምበታል? ለመተው ምን ቸገረው? ብለው ይጠይቃሉ። የሰሙትን ወስደው ለሚመለከተው ይናገራሉ። በቃ። መጠየቅና መናገር ነው።

መጀመሪያ ሲመጡ ሳቅንባቸው። በዚህ ብርድ አገር፣ በክረምት፣ ካፖርት ደርበው ስለ ማቀዝቀዣ የሚጠይቁ ሰው! ይጁቤ ገበያ ላይ ቅቤ የሚሸጡት እማማ ወለተ ኪዳን፣ ያውና እዚያ ቆመዋል፣ «ሰማዩ ተቀደደ ካልከኝ ማን ይሰፋዋል?» ብለው ያፋጠጧቸውን ታስታውሳላችሁ? ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ገዳሙ ግን ቅቤው አጠገብ ቁጢጥ አሉና «እናቴ፣ እንደ ቁስል ነው። ካልነካካነው ራሱ ይሽራል» አሏቸው። እማማም «እንግዲያ አትነካኩታ!» አሉ። ጋሽ ገዳሙ ይህን በየሄዱበት ያወሩት ነበር። «አትነካኩታ» ሲሉ ድምፃቸውን እንደ እማማ እያቀጠኑ ነው።

ጨዋ ነበሩ። ከባጃጅ ሲወርዱ የሾፌሩን እናት ጤና ሳይጠይቁ አይሄዱም። ሱቅ ሲገቡ ወደ ጓዳ ዓይናቸውን አይልኩም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣ ወጣት ባለሙያ «ጋሼ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ገባ ብለን ብናይስ?» ቢላቸው ተቆጡት። «የሰው ጓዳ አይፈተሽም። ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፣ አለቀ» አሉት። እንዲህ ያደጉ ሰው ናቸው። እኛም እንግዳ እንዳናስከፋ ተደርገን ያደግን ነን። ሁለቱም ጨዋነት ነው። ተጋጥመው ነው ጉድ የሠሩን።

ጥያቄያቸው አንዲት ነበረች። «አለቀ?» ይላሉ። ጋዙ ማለታቸው ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ የይጁቤ ልጅ ናቸው፣ የራሳችን ሰው ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ፊታቸው ፈክቶ «አለቀ?» ሲሉ፣ ማን ጨክኖ «አላለቀም» ይበላቸው? «አልቋል ጋሼ» አልን። እኔ አልኩ። ጎረቤቴ አለ። የጎረቤቴም ጎረቤት አለ። ፈርተን መሰላችሁ? እሳቸውን ማን ይፈራል! ደስ ይበላቸው ብለን ነው።

የሐምዱን የመለዋወጫ ሱቅ ታውቁታላችሁ። ሐምዱ ያውና ግቢው በር ላይ ቆሟል። ይህን እንድናገር ዛሬ ጧት ራሱ ፈቅዶልኛል። ጋሽ ገዳሙ መጡ ሲባል የጋዙን ካርቶን የሚያስገባበት አጣ። አጎዛ ጣል አደረገበትና መቀመጫ አደረገው። «አረፍ ይበሉ ጋሼ!» አረፍ አሉ። እዚያው ላይ ቁጭ ብለው «ሐምዱ፣ አለቀ?» አሉት። «አልቋል ጋሼ።» «ተባረክ፣ ዘርህ ይባረክ» አሉት። ከሄዱ በኋላ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ስንት ጊዜ አወራነው! ዛሬ ያ ሳቅ ፊቴን ያቃጥለኛል። ሽማግሌ ሰው ውሸታችን ላይ አስቀምጠን ምርቃት ተቀበልን።

እሳቸውም አምነውን ሄዱ። ትልቅ ስብሰባ ላይ ቆሙና «ምሥራቅ ጎጃም አሮጌውን ጋዝ ጨርሷል። የአገሬ ሰው ነግሮኛል» አሉ። ተጨበጨበ። ከዚያስ? ጋዙን ከማሽን መልሶ የሚሰበስበው መሣሪያ፣ ሥልጠናው፣ አሮጌ ማሽን የሚለወጥበት ድጋፍ፣ ሁሉም ወደ ሌላ አካባቢ ሄደ። የጨረሰን ሰው ማን ይረዳል? ለካ ያች «አለቀ?» የምትል ጥያቄ ልትይዘን አልነበረም የመጣችው። «ምን ላምጣላችሁ?» ማለታቸው ነበር። እኛ ግን ያለ መሣሪያ፣ ያለ ሥልጠና ቀረን። ያው አሮጌውን ጋዝ እየደበቅን መሙላት ቀጠልን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ተቆጣጣሪዎች መጡ። እነሱ ጓዳ ያያሉ። አጎዛውንም ገለጡት። ጋሽ ገዳሙ ተጠርተው «አልቋል ያለዎት ማን ነው? ስም ይጥሩ» ተባሉ። ያ የተቆጡት ወጣት ባለሙያ ነው የነገረኝ። «በደንብ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። የእኔን ስም ያውቁታል። የሐምዱን ያውቁታል። የማንንም አልጠሩም።

ከዚያ ወዲያ ለሥራ የጠራቸው የለም። «ቢሮው ተቀምጦ የፈጠረው ወሬ ነው» ተባለ። የት ተባለ? እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ እኛው መሀል ተባለ። ሰምቼ ዝም አልኩ። እናንተስ? ሰምታችሁ ዝም ያላችሁ ስንት ናችሁ?

ወደዚህ ተመልሰው ከእኛው ጋር ኖሩ። ሰላምታቸው አልጎደለም። ከቅዳሴ ሲወጡ እንዳላገኛቸው እኔ በሌላው በር እወጣ ነበር። ባለፈው ወር ግን አንድ ጧት ሱቄ ድረስ መጡ። የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ላይ ጋዝ እየሞላሁ ነበር። ያንኑ ሃያ ሁለቱን። ሲሊንደሩ እግሬ ሥር ነው። የምሸፍንበት ጊዜም አላገኘሁ። አዩት። ማየታቸውን እኔም አየሁ። ቀና አሉና ዓይን ዓይኔን እያዩ «እንዳላማው ልጄ፣ አለቀ?» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ በር ከፈቱልኝ እኮ! አንዲት ቃል ብናገር ነጻ ልወጣ ነበር። እሳቸውም ትንሽ ይቀላቸው ነበር። ምን አልኩ መሰላችሁ?

«አልቋል ጋሼ» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት! «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወጡ። መታጠፊያው እስኪደርሱ ከበሩ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁትና ገብቼ ጋዙን መሙላት ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የእድሩን ጥሩምባ ነው።

አፈርኩ። በቁሜ አፈርኩ። እዚህ ቆሜም አፍራለሁ።

ሂዊ፣ ውሃ ላምጣልሽ ብዬ የሸሸሁት መልስ ይኸውልሽ። አባትሽ አልዋሹም። አባትሽ የነገርናቸውን ተናገሩ። የዋሸነው እኛ ነን። ስድቡን የተሸከሙት ግን እሳቸው ናቸው። «አባትሽ እኮ» ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው ካገኘሽ ወደ እኔ ሱቅ ላኪው። እኔ እነግረዋለሁ።

አባቴ፣ ደህና ደህናውን ተናገር ብለውኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ከዚህ የተሻለ ደህና ነገር የለኝም። ሰው እንዳይከፋ፣ እንዳይከፋ እያልን ይኸው ከፍቷቸው ሞቱ። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ቢጠይቀን «አለ፤ ግባና እይ» እንበለው። ደስ ባይለውም እንበለው።

ጋሽ ገዳሙ፣ አሁን ከእርስዎ ጋር ልነጋገር። ሲደክሙለት የኖሩት ሰማይ ይቀበልዎ። ያመነበትን የማያሳፍር ጌታ፣ ያመኑት ሰው ያሳፈረዎትን እርስዎን በቀኙ ያኑርዎ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። ግን ጥያቄዎን ሳልመልስ አይሂዱብኝ። ዘግይቻለሁ፤ ይሁን፣ ይስሙኝ።

አላለቀም፣ ጋሼ። ሐምዱ ሱቅ አለ። እኔም ጋ፣ ያን ጧት ያዩት ቦታ፣ እዚያው እግሬ ሥር አለ። አላለቀም።