ካልሲዎንም ያውልቁ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ኮልፌ ስንኖር። ሸማ ነጋዴው ባለቤቴ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት ማነከስ ሲጀምር ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ እብጠቱን ዳሰሰና፣ "ልብስዎን በሙሉ ያውልቁ" አለው። ባለቤቴ አፈረ። "የታመምኩት እኮ እዚህ ጋ ብቻ ነው" አለ። ሐኪሙ ግን ከራስ ፀጉሩ ጀምሮ ጀርባውን፣ ብብቱን፣ የጣቶቹን መሃል ሳይቀር አገላብጦ አየና በመጨረሻ፣ "ካልሲዎንም" አለው። ተረከዙ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ሲያይ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካካው። "ይሄ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?" ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። ከሥራ ሲገባ እግሩን የማጥበው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ምስር ያክል ነበር፤ ሚስማር የወጋው መስሎኝ ነበር። "ሁለት ዓመት አልፎታል" አልኩ። "ምነው ያኔ በመጣችሁ" አለ ሐኪሙ፤ "የቆዳ ካንሰር ነው። አሁን ወደ ላይ ወጥቷል፤ የብሽሽትዎም እብጠት እሱ ነው፤ ቆርጠን የምናድነው አይደለም።"

በጋሪ ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ፣ "አይተሽው ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

"አየሁት እንጂ። አንተ ምንም ስላላልክ ቀላል ነገር መሰለኝ።"

"እኔም አይቼው ነበር" አለ። "አንቺ በየቀኑ እያጠብሽው ዝም ስትዪ፣ ደህና ነገር ነው ብዬ ተውኩት።"

እጁን ያዝኩት። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርኩት። ሰው ሲያጽናናኝ "የእግዜር ፈቃድ ነው" ይለኛል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም እያየነው ዝም ተባብለን ነው።